ሙሽራ ላሟን ይዛ እንዳትሻገር ላገዱት የኬላ ሹም

በቤልጂየም በኩል ላለው የዛንድአይንደ ኬላ ሹም፣ ለተከበሩ አቶ አሺል፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደ ማኅተምዎ የጸና፣ እንቅልፍዎም እንደ መዝገብ ቤትዎ የተረጋጋ እንዲሆን እመኛለሁ። እኔ ከኬላዎ ሦስት መቶ እርምጃ ወዲህ፣ በሆላንድ በኩል የምኖር፣ ቅዳሜ ማዶ ያለውን ዳቦ ጋጋሪ ፍሎርን የማገባ የአርባ ስድስት ዓመት ሙሽራ ነኝ። ጽሕፈቴ ቢንቀጠቀጥ ከደስታ ብዛት ነውና ፈራችኝ ብለው እንዳይኮሩ አደራ።

በምስጋና ልጀምር። ከጦርነቱ ወዲህ የእኔና የእርስዎ አገር ከትንሿ ጎረቤታችን ጋር፣ ሦስቱም አንድ ገበያ መሆናቸውን፣ ከመቶ ዘጠናው እጅ ዕቃም ያለ ፈቃድ እንዲያልፍ መደረጉን ዓሣ ተጠቅልሎበት በመጣ ጋዜጣ ላይ አነበብኩ። ነፃ ከወጡት መካከል የበገና ክር፣ የዝሆን ጥርስና የመርከብ መልሕቅ ይገኙበታል። ከባሕር በራቀው መንደራችን መልሕቅ አጥቶ ያልተቸገረ ማን አለ? ቅቤ፣ ወተትና ላም ግን ገና ተራቸው አልደረሰም፤ እኛ የምናሻግረው ደግሞ እነዚህኑ ብቻ ነው።

ቅሬታ አልለውም፤ ጥቂት ነጥቦች ናቸው።

፩. ባለፈው ክረምት ከቀሚሴ ሥር ቅቤ ሳይኖር እንደማይቀር ጠርጥረው፣ ሴት መፈተሽን የሚጸየፉ ጨዋ ሰው ስለሆኑ፣ ከሚነደው ምድጃ አጠገብ አስቀምጠው ስለ እናቴ ጤና አንድ ሰዓት ተኩል ጠየቁኝ። እናቴ ከሞተች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ሁለት ኪሎ ቅቤ በካልሲዬ ወርዶ ወለልዎን ሲያጠግብ «ወይዘሪት ዲምፍና፣ ላብዎ እኮ ዳቦ ያስመኛል!» አሉኝ። ቀልዱ ጥሩ ነበር፤ ቤቴ ገብቼ እኔም ስቄያለሁ።

፪. ሰኞ ላሜን ኮርኔሊያን አገዱብኝ። ሙሽራ ከስድስት ወር በላይ የተገለገለችበት ንብረት ያለ ፈቃድ እንደሚያልፍ በራስዎ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። አልጋዬ አለፈ፤ ድስቴ አለፈ። በኮርኔሊያ ደግሞ ሰባት ዓመት ተገልግያለሁ፤ በብርዱ ጊዜም ከአልጋው ይልቅ እሷ ናት ያሞቀችኝ። ዘበኛዎ ሞሪስ «እትዬ፣ ላም እኮ የቤት ዕቃ አይደለችም፤ እግር አላት!» አለኝ። ጠረጴዛዬም አራት እግር እንዳለው ባስታውሰው «እሱ አይሄድማ!» ብሎ ዝርዝሩን ያገላብጥ ጀመር፤ ላም ቢያጣ ጊዜ የበገናው ክር ላይ ቆመ። ለመውለድ መድረሷን ስነግርዎ «እሱም በዝርዝሩ የለም፤ ከዋና ከተማ መልስ እስኪመጣ እዚሁ ትታሰር» ብለው ፈረዱ። መልስ በሁለት ወር ይመጣል። ፍሎር ያለ ላም ነይ ይለኛል፤ እኔ ግን ያለኝ ሀብት እሷ ብቻ ናትና በሰው ቤት ባዶ እጄን አልገባም። ስለዚህ ያሰሩት ላሜን ብቻ ሳይሆን ሠርጌንም ጭምር ነው።

፫. ሦስተኛውን ነጥብ ስጀምር ሞሪስ በብስክሌት እየበረረ ደረሰ። «እትዬ ዲምፍና፣ ወለደች! ሴት ጥጃ! ሹሙ ኮታቸውን አውልቀው አልብሰዋታል!» አለኝና ነጥቤን ሁሉ አስረሳኝ።

እንኳን ማርያም ማረቻት፤ ለኮትዎም እግዜር ይስጥልኝ። ነገር ግን ያስቡት፤ ጥጃዋ በኬላዎ ግቢ ተወልዳለችና የቤልጂየም ተወላጅ ናት። ወደ እኔ እንዳይመልሷት የመውጫ ፈቃድ ያስፈልጋታል፤ እዚያው እንዳያስቀሯት ጡት ያስፈልጋታል፤ ጡቱ ደግሞ ያለው ከታገደችው የውጭ አገር ዜጋ ዘንድ ነው። እስከ ዋና ከተማው መልስ ድረስ እርስዎ ካላጠቧት በቀር፣ እናቲቱን ከማሳለፍ ሌላ መንገድ አልታየኝም። ቅዳሜ ማለዳ በሙሽራ ልብሴ፣ ገመድ ይዤ ከኬላዎ እቆማለሁ።

የነፃ ንግድዎ አድናቂ፣ የምድጃዎ እንግዳ፣ ጎረቤትዎ ለመሆን ሁለት ቀን የቀራት፣
ዲምፍና

ማስታወሻ፦ ሞሪስ ሊያበስረኝ ሲመጣ ጢሙ ላይ ቢጫ እንገር ደርቆበት ነበር። ፈቃድ ያላገኘ የሆላንድ ምርት በኬላው ግቢ ውስጥ መጠጣቱን ለዋና ከተማው ጽፌ በሌላ ፖስታ አሽጌዋለሁ፤ ፖስታው የሚላከው ቅዳሜ እንዴት እንደምናልፍ ካየሁ በኋላ ነው።