ከሰባቱ ባለከረባቶች አለቃነት ወደ ዘበኝነት ስለ መዛወሬ

ለክቡር አቶ ጥሩነህ፣
የመረዳጃ ማኅበራችን የኪነ ጥበብ ክፍል ሊቀ መንበር፣ የፊልም አዘጋጅ፣ የድርሰት አራሚና የተዋንያን ሿሚ ሻሪ፤
ሳን ሆዜ።

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ጤንነትዎን እጠይቃለሁ። ባለፈው ወር ወገብዎን አሞዎት እንደነበር ሰምቼ ከልብ አዝኜ ነበር። ቅዳሜ ልምምድ ላይ ግን ወንበር ላይ ቆመው፣ ፊሽካ ነፍተው፣ ሰውን ሁሉ በየቦታው ሲያሰልፉ ስላየሁ ፈጣሪን አመስግኜ ወደ ቤቴ ተመልሻለሁ። ይህን ደብዳቤ በማኅበራችን ጋዜጣ እንዲወጣ ያደረግሁት እርስዎን ለማሳጣት አይደለም። ቀደም ብዬ የጻፍኩልዎት ሁለት ደብዳቤዎች መሳቢያዎ ውስጥ እጅግ እንደተመቻቸው ስለተረዳሁ፣ ሦስተኛውን ትንሽ ንፋስ ይንካው ብዬ ነው።

ያኔ ላልነበሩ አንባቢዎች ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። ከአምስት ዓመት በፊት፣ በፈረንጆች 1983፣ «ሰባቱ ባለከረባቶች» የሚል ፊልም ሠርተን ነበር። ታሪኩ ሰባት ሽክ ያሉ ሰዎች ሪኖ ከተማ ሄደው አንድ ካዚኖ ስለሚዘርፉበት ዘዴ ነው። የቀረጽነው ኦክላንድ፣ እኔ ሳህን አጥብበት በነበረው ምግብ ቤት፣ ሰኞ ሰኞ ሲዘጋ ነበር። ቁማር መጫወቻው አረንጓዴ አንሶላ የለበሰ የምግብ ጠረጴዛ ነው፤ የካዚኖው ግምጃ ቤት ደግሞ የሥጋ ማቀዝቀዣው ክፍል ነው። ካሜራ ያዡ ለሠርግ ሥራ ብሎ አዲስ ካሜራ የገዛው ማሕሙድ ነበር። የዘራፊዎቹ አለቃ ሆኜ የተጫወትኩት እኔ ጋሻው ነኝ።

በድርሰቱ መሠረት ሰባታችንም ከረጢታችንን ተሸክመን ከግምጃ ቤቱ እንወጣለን፤ አለቃው ይቀድማል። እኔም ክፍቱን በር እንዳይዘጋ በትከሻዬ ደግፌ ልወጣ ስል ጋሼ መንገሻ ከኋላዬ መቆማቸው ትዝ አለኝ። በዕድሜ የሁላችንም ታላቅ ናቸው። እሳቸውን አስቀድሜ «ጋሼ ይለፉ» አልኩ። እሳቸው ደግሞ «አለቃው አንተ አይደለህም እንዴ? ቅደም» አሉ። «አይሆንም» አልኩ። «በሞቴ» አሉ። ሌሎቹም ከረጢታቸውን መሬት አስቀምጠው እርስ በርስ መገባበዝ ጀመሩ። እኔም ለጋሼ መንገዱን ልልቀቅ ብዬ ወደ ውስጥ ፈቀቅ ስል፣ በራሱ የሚዘጋው በር ተዘጋ። የውስጥ እጀታው ከተሰበረ ቆይቷል፤ ይህንን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነበርኩ።

ማሕሙድ ድርሰቱ እንደዚያ መስሎት ሃያ ሁለት ደቂቃ ሙሉ የተዘጋ በር ሲቀርጽ ቆየ። አንድ ነገር ተበላሽቷል ብላ የጠረጠረችው የካዚኖውን ባለቤት ሚስት ሆና የምትጫወተው ጽጌ ብቻ ነበረች። በሩን ከፈተች፣ ቀዩን ኮቷን አወለቀች፣ ትከሻዬ ላይ ደረበችልኝ። ካሜራው ይህንንም ቀርጿል። ሰው ሁሉ ያንን ቦታ እያየ በሳቅ ፍርስ ይል ነበር። በሚቀጥለው ዓመት እኔና ጽጌ ስንጋባ ሠርጋችን ላይ ታይቷል። ዛሬ ባለቤቴ ናት።

አሁን እርስዎ ይህንኑ ፊልም እንደ አዲስ እየሠሩት ነው። ስለዚህም የሚከተለውን ምስጋናና አቤቱታ በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ አልባሳቱ አመሰግናለሁ። እኛ ሙሉ ልብሳችንን ከአሮጌ ልብስ መደብር ስለሰበሰብን የአንዱ እጅጌ ሲያጥር የሌላው ሱሪ ይጎተት ነበር። የእርስዎ ሰባት ሰዎች ግን ካምቤል ከተማ ድረስ ሄደው ተለክተው፣ ትከሻው በስፖንጅ የተሞላ ልብስ አሰፍተዋል። ቤት ውስጥም ጥቁር መነጽር ያደርጋሉ። በመጀመሪያው ልምምድ ሁለቱ ግንባር ለግንባር መጋጨታቸውን እንደ ዝርክርክነት አልቆጠርኩትም።

ሁለተኛ፣ የአለቃውን ቦታ ለአቶ አምሐ ሰጥተዋል። አቶ አምሐ ወደዚህ ከመጣ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ማውንቴን ቪው ከተማ ኮምፒውተር መሥሪያ ቤት ይሠራል፤ ቁመቱ በር ላይ ጎንበስ ያሰኘዋል፤ ሲስቅ ጥርሱ ያምራል። ምን እንዳጎደልኩ ብጠይቅዎት «ጋሽዬ፣ አዲስ ሉክ ነው የምንፈልገው፣ ፐርሰናሊ አትውሰደው» ብለውኛል። እኔም ፐርሰናሊ ላለመውሰድ ሦስት ሳምንት ሞክሬ አልቻልኩም። ሰው ነገሩን ሸፋፍኖ ስለ ኪነ ጥበብ ደረጃ መውረድ ሊጽፍልዎት ይችላል። እኔ ግን እውነቱን እነግርዎታለሁ፤ ቀንቻለሁ። በቁመቱ ቀንቻለሁ፣ በጥርሱ ቀንቻለሁ፣ በስፖንጁም ቀንቻለሁ።

ሦስተኛ፣ በሩን በተመለከተ። የእኛን ስሕተት ወድደው ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ በድርሰት ማስገባትዎ ታላቅ ክብር ነው። ምግብ ቤቱንም ያንኑ መከራየትዎ፣ ማቀዝቀዣውንም ያንኑ መምረጥዎ አስተዋይነትዎን ያሳያል። ነገር ግን ቅዳሜ ዕለት አቶ አምሐ ከረጢቱን አንጠልጥሎ በሩ ጋ ሲደርስ፣ ዛሬም በዚያው ቦታ የሚጫወቱትን ጋሼ መንገሻን «ኤክስኪዩዝ ሚ ጋሼ» ብሎ ወጣ። ስድስቱም ተከትለውት ወጡ፤ በሩ ማንም ላይ አልተዘጋም። እርስዎ ፊሽካ ነፍተው መለሷቸው። ደግሞ ወጣ። በሦስተኛው ሙከራ ወለሉ ላይ በነጭ ፕላስተር መስመር አስምረው «እዚህ ስትደርስ አክብራቸው» አሉት። ጋሼ መንገሻ በዚያ ቅዝቃዜ ውስጥ እስኪከበሩ ድረስ አንገታቸውን ደፍተው መጠበቃቸው አሳዝኖኛል። እኔ ያኔ መስመር አላስፈለገኝም ነበር።

አራተኛው ይከብደኛል፤ ቢሆንም እጽፈዋለሁ። ከፊተኛው ፊልም ካሜራ ያዡን፣ ጋሼ መንገሻንና ጽጌን በየቦታቸው አቆይተው እኔን ብቻ ከቦታዬ አንስተዋል። በአዲሱ ድርሰት ጽጌ በሩን ከፍታ ያንኑ ቀይ ኮት አቶ አምሐ ትከሻ ላይ ትደርባለች። ከዚያ እጇን ይስማል። እጅ መሳም በእኛ ፊልም አልነበረም፤ ስለ ጭማሪው አመሰግናለሁ።

ጽጌ ለሥራዋ ታማኝ ናት። ከሥራ ስትመለስ ኮቱን ታወጣና ማዕድ ቤታችን ውስጥ ፍሪጁ ላይ ትደርበዋለች፣ ታወርደዋለች፣ ደግማ ትደርበዋለች። እኔ ልቁምልሽ ብላት ከላይ እስከ ታች አየችኝና «ሃይትህ አይሆንም፣ እጄን ያሳስትብኛል» አለችኝ። ባለቤቴ ለአምሐ ስትል ፍሪጅ ስታለብስ ቁጭ ብዬ ማየቴን እርስዎ እንዲያውቁልኝ እወዳለሁ።

አንድ ቀን አላስቻለኝም፤ ያኔ ከሰባት ሰው መካከል ኮቱን ለእኔ የደረብሽልኝ ለምንድን ነው ብዬ ጠየቅኋት። አምስት ዓመት ሙሉ ጠይቄያት አላውቅም፤ የማውቀው መስሎኝ ነበር። ኮቱን እያጣጠፈች «ለበሩ የቀረብከው አንተ ነበርካ፤ ምን እንድልህ ነው የምትፈልገው?» አለችኝ። እየሳቀች ነው ያለችው፤ ቀልድ ይሁን እውነት ግን እስካሁን አላወቅሁም። ከዚያን ቀን ወዲህ ታክሲዬን ስነዳ ሌላ አላስብም። ኮንኮርድ ከተማ የሚወርድ ተሳፋሪ ይዤ ከተማውን ዝም ብዬ አልፌ ሄጄ፣ ሰውየው በጨዋነት ትከሻዬን መታ አድርጎ መልሶኛል።

አቶ ጥሩነህ፣ እኔ የምፈልገው ስሜ በትልቁ እንዲጻፍ አይደለም። ያ ኮት የእኔ መሆኑን ማወቅ ነው የምፈልገው። ጋሼ መንገሻ ቀድመውኝ በሩ ጋ ቢቆሙ ኖሮ ጽጌ የማን ሚስት ትሆን ነበር? ይህንን ጥያቄ ቤቴ ውስጥ ያስገቡት እርስዎ ነዎት፤ ውለታዎን አልረሳም።

በመጨረሻ፣ እንዳይከፋኝ በማሰብ በግምጃ ቤቱ በር አጠገብ የሚቆመውን የዘበኛውን ቦታ ሰጥተውኛል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድም ቃል አይናገርም፤ ዩኒፎርሙም ሰፋ ይለኛል። ወዳጆቼ ሁሉ ውርደት ነው፣ አልቀበልም በል ብለውኝ ነበር፤ እኔም እምቢታዬን ጽፌ ጨርሼ ነበር። ድርሰቱን እንደገና ካነበብኩ በኋላ ግን ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። ሹመቱን በደስታ ተቀብያለሁ፤ ለቀረጻውም በሰዓቱ እገኛለሁ።

ዘመንዎ የተባረከ፣ ፊሽካዎ የማይዘጋ፣ መሳቢያዎ ደብዳቤ የማያጣ እንዲሆን እየተመኘሁ፣

የቀድሞው አለቃ፣ የዛሬው ዘበኛ፣
ታዛዥዎ ጋሻው ባዩ
ከኦክላንድ፣ ኦክቶበር 1988

ማስታወሻ፦ ገጽ ሠላሳ አንድ ዘበኛው «በሩ አጠገብ ይቆማል» ይላል እንጂ በስንት እርምጃ እንደሚርቅ አይናገርም። እኔ የውጭውን እጀታ ተደግፌ ለመቆም ወስኛለሁ። ጽጌ በሩን ከፍታ ኮቷን ስታወልቅ ለበሩ ከማንም በላይ የምቀርበው እኔ እሆናለሁ፤ ያን ጊዜ መልሷን ማሕሙድ ይቀርጽልኛል። ክፍሉ በጣም ስለሚቀዘቅዝ አቶ አምሐን ከሙሉ ልብሱ ሥር ሹራብ እንዲደርብ በእኔ ስም ይምከሩልኝ።