እየወለቀ ያስቸገረው ገመድ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 12
ከሱቅ፣ ገበያው ጋብ ባለበት ሰዓት

ለልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ ደህና ነን። እናትህ ጉልበቷን አልፎ አልፎ ከማመሙ በቀር ብርቱ ናት። የጨርቁ ገበያ ቀዝቀዝ ብሏል፤ ይነሣል።

የጻፍክልኝ ደርሶኛል። «ያ ሆም ቴአትር አሰለቻችሁ፤ በወሩ መጨረሻ አስነቅዬ ገመድ የሌለው፣ የማይበላሽ አስተክልላችኋለሁ» ብለሃል። እግዜር ይስጥልኝ። ግን አታስተክል። ምክንያቱን ልንገርህ፤ ለእናትህ ትንፍሽ እንዳትል።

እንደምታውቀው የቴሌቪዥኑ ምስል ደህና ሆኖ ድምፁ እየጠፋ አስቸግሮናል። እኔ ዕቃ ሳልፈትሽ ሰው የማማ ነጋዴ አይደለሁም። መጀመሪያ ሶኬቱን አየሁ። ቀጥሎ የሪሞቱን ባትሪ ለወጥኩ። ስፒከሮቹን እያፈራረቅሁ ሞከርኩ፤ ሁሉም ጤነኛ። የቀረው ያ ቀጭኑ፣ ጫፉ ላይ ቀይ የሚያበራው የድምፅ ገመድ ነበር፤ ወልቆ አገኘሁት። መለስኩት፣ ሠራ። በሳምንቱ ደግሞ ወለቀ።

የቴሌቪዥን ጠጋኙን ጠራሁት። ሰካ፣ ነቀለ፣ መልሶ ሰካና፣ «ጋሼ፣ ይሄ ገመድ ሲገባ ቀጭ ብሎ ነው የሚይዘው። በራሱ አይወጣም» አለኝ።

«አይጥ ይሆን?»

«አይጥማ ይበላዋል እንጂ ነቅሎ፣ ጠቅልሎ፣ በሥነ ሥርዓት አያስቀምጠውም።»

እናትህን ከኩሽና ሳል ሳል አላት።

ቅዳሜ ለምሳ ቀደም ብዬ ገባሁ። እናትህ መወልወያዋን ይዛ፣ በዚያ በሚያማት ጉልበቷ ከቴሌቪዥኑ ጎን ተንበርክካለች። ገመዱን ቀስ ብላ ነቀለችው፤ ጫፉን በቀሚሷ ጠርጋ፣ ጠቅልላ አስቀመጠችው። እኔ በእግሬ ጣቶች እየረገጥኩ ወጣሁና በሩን በኃይል ዘግቼ እንደ አዲስ ገባሁ።

«አንተ፣ ይሄ ዕቃ ደግሞ ዝም አለ» አለችኝ። «ልጁን እንጥራው እንዴ?»

«እንጥራው» አልኳት።

ከዚያ በስልክ እየተያያችሁ የተነጋገራችሁትን ታስታውሳለህ። አንተ «እማዬ፣ ወደ ኋላው ዙሪ፤ ቀዩ መብራት ይታይሻል?» ስትላት፣ እሷ «ቆይ እስቲ፣ ዓይኔ ደክሟል… ከስተሃል ልበል? ከኋላህ ያለውን መጋረጃ መቼ ለወጥከው?» ትልሃለች። ያን ጊዜ ቀዩ መብራት መዳፏ ላይ እያበራ ነበር። ድምፁ ሲመለስ «በቃ ሠራ፣ ቻው እማዬ» አልክ። ስልኩን እንደያዘች ትንሽ ቆመች። ከዚያ ቴሌቪዥኑን አጠፋችው። ማየቱን መች ፈልጋው።

«ታዲያ ለምን ዝም ብላ አትደውልልኝም?» ትል ይሆናል። ልጄን ሥራ አስፈታለሁ ብላ ትፈራለች። የተበላሸ ዕቃ ግን ለመደወል በቂ ምክንያት ነው። እኛ ደህና ስንሆን አንተ ሥራ ይበዛብሃል፤ እንኳንም በዛልህ፤ አልወቀስኩህም።

እንግዲህ ውላችን ይሄ ይሁን። አሮጌው ዕቃ ባለበት ይቆይ። ስትጠራህ «ባለሙያ አስመጡ» አትበላት። ከሶኬቱ ጀምር፤ መልሱን የምታውቀውንም ጠይቃት። ሲሠራ ቶሎ አትሰናበት፤ ድምፁ ጥርት ማለቱን አንድ ሁለት ጊዜ አረጋግጥ።

ሌላው፣ ከትናንት ጀምሮ ደግሞ ድምፁ እያለ ምስሉ ጠፍቷል። የምስሉ ገመድ ከላይኛው መደርደሪያ ጀርባ ነው ያለው፤ እናትህ ቁመቷ አይደርስም። እኔም ብዙ አልፈተሽኩት። እሑድ ሱቅ ስለማልከፍት፣ ያን ቀን ብትደውል አንተና እኔ ቀስ ብለን እናየዋለን።

የያዝከው ይባረክ፤ የረገጥከው ይለምልም፤ ወጥተህ በሰላም ግባ።

አባትህ