ወንድሜን ከባቡር ላስወረወሩልኝ ክቡር ዋና ዳይሬክተር

ለእንፋሎት ባቡርና ለቱሪስት ጉዞ ድርጅት ክቡር ዋና ዳይሬክተር፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ። ከራስ ጸጉርዎ እስከ እግር ጥፍርዎ አንዳች ሳይጎድልብዎ፣ ወንበርዎ ሳይነቃነቅ፣ እንቅልፍዎም ሳይረበሽ እንዲኖሩ ዘወትር እመኝልዎታለሁ፤ በእርስዎ ፈንታ የሚጎድልባቸው ሌሎች አሉና። እኔ ከጣቢያው ፊት ለፊት ባለችው ጠባብ ሱቅ ውስጥ ልብስ የምሰፋ ሴት ነኝ። አያውቁኝ ይሆናል፤ በዚያ ሲያልፉ የመኪናዎ መስታወት ሁልጊዜ ዝግ ስለሆነ አልቀየምም። ታናሽ ወንድሜን ግን ያውቁታል። የሰፈሩ ሰው «ጭምት» የሚለው፣ የባቡርዎን ፉርጎዎች ያጥብ የነበረው፣ በኋላም እርስዎ ወንበዴ ያደረጉት እሱ ነው። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎ፣ ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ጸሐፊዎ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ስለምትለኝ፣ ስብሰባዎን ላለመረበሽ ብዬ ነው።

አንደኛ፤ ስለ ታላቁ ሐሳብዎ ከልብ አመሰግናለሁ። ሠራተኛውን በሙሉ ጥገና ክፍሉ ውስጥ ሰብስበው፣ በዘይት የተጨማለቀ ጫማ ላደረጉ ሰዎች ስለ እንፋሎት ባቡር የወደፊት ዕጣ ሲያስረዱ ወንድሜ ከኋላ ቆሞ ያዳምጥ ነበር፤ ማታ ቤት መጥቶም ቃል በቃል ነገረኝ። ጢስና ፉጨት ብቻውን ከእንግዲህ ሰው እንደማይስብ፣ የዛሬ ዘመን ቱሪስት የሚደሰተው ሲደነግጥ እንደሆነ ተናገሩ። ስለዚህ ባቡሩ ዳገቱ ላይ ሲያዘግም ፊታቸውን የሸፈኑ ሽፍቶች ባዶ ጠመንጃ ይዘው ይሳፈራሉ፣ ጮኸው ያስፈራራሉ፣ ከዚያ ዘለው ይወርዳሉ።

በስብሰባ ላይ ተናግሮ የማያውቀው ወንድሜ ያን ቀን እጁን አወጣ። «ተሳፋሪዎቹ ጨዋታ መሆኑን ያውቃሉ?» ብሎ ጠየቀዎት።

«ካወቁማ ምኑን ይፈሩታል?» አሉት።

«ቢመቱንስ?»

«የፈራ ሰው እጁን ወደ ላይ ያነሳል እንጂ አይሰነዝርም» ብለው መለሱ፤ ሰዉም ሳቀ። በማግሥቱ ወንበዴ መሆን የማይፈልግ ጠራጊ መጥረጊያውን አስረክቦ መሄድ እንደሚችል በኃላፊው በኩል አስነገሩ። ምርጫ ስለ ሰጡን እናመሰግናለን።

ክቡር ሆይ፣ የመረጡትን ሰው ጠባይ ቢያውቁት ይገረሙ ነበር። ወንድሜ ወንበር ሲገጨው ወንበሩን ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ነው። የሽፍታ ልብሱን የሰፋሁለት እኔ ነኝ። ሱቄ ውስጥ ካለው መስታወት ፊት ቆሞ «ማንም እንዳይንቀሳቀስ!» እያለ ሲለማመድ፣ ድምፁ ውኃ አጠጡኝ የሚል መንገደኛ ይመስል ነበር። እኔም እሱም በሳቅ ፈረስን። ያ ሳቅ በሁለት እግሩ ቆሞ የሳቀው የመጨረሻው ሳቅ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም።

ሁለተኛ፤ ስለ መጀመሪያው ትርዒት አመሰግናለሁ። ወንድሜን በሥራው ላይ ልየው ብዬ ተሳፍሬ ነበርና ሁሉንም በዓይኔ አይቻለሁ። ከፊቴ አንድ ግዙፍ ሰው ከአሮጊት እናቱ ጋር ተቀምጧል። ሉካንዳ ቤት አለው። እናቲቱ በዚያ ባቡር ተሳፍረው ነበር አሉ ወደ ትዳራቸው የሄዱት፤ ዓይናቸው ሳይጠፋ አንድ ጊዜ እንዲያዩት ብሎ ልጃቸው ነው ያመጣቸው። መንገዱን ሁሉ እጁን ይዘው፣ ለማያውቋት ለእኔ ሳይቀር ያን ዘመን ሲያወሩ፣ እውነት ለመናገር ጢሱና ፉጨቱ ሰው መሳብ ያቆመ አይመስልም ነበር።

ባቡሩ ዳገቱ ላይ ሲደርስ አዘገመ። ጩኸት ተሰማ፤ በሩ ተበረገደና ወንድሜ ገባ። ለበሩ የቀረቡት አሮጊቷ ስለነበሩ ጠመንጃው የተደቀነው እሳቸው ላይ ነው። ደረታቸውን ይዘው የታነቀ ሰው የሚያወጣውን ዓይነት ድምፅ አወጡ። ያን ጊዜ ልጃቸው ተነሣ።

እርስዎ እንዳሉት የፈራው ሰው እጁን ወደ ላይ አነሳ፤ ያነሳው ግን ጨብጦ ነው። በመጀመሪያው ቡጢ የወንድሜ አፍንጫ ሲሰበር እኔ ከተቀመጥኩበት ሰማሁት። አንገቱን ይዞ ፊቱን ከመስኮቱ ብረት ጋር ደጋግሞ አላተመው። ወንድሜ «ጋሼ፣ ጨዋታ ነው! ጨዋታ ነው!» ይላል፤ ነገር ግን አፉ በጨርቅ ተሸፍኗል፣ ጨርቁም ደም ጠጥቷል። ሌሎቹ ተሳፋሪዎች ደፈር አሉና በፔርሙዝ፣ በዱላ፣ በጫማ ተረከዝ ተረባረቡበት። «ወንድሜ ነው፣ ተዉት!» ብዬ ብገባ አንዲት ወይዘሮ የሽፍታው ግብረ አበር መስያት በቦርሳዋ ግንባሬን ፈነከተችኝ። ከዚያ ባለሉካንዳው ወንድሜን ከወገቡ አንሥቶ በበሩ ወረወረው።

ባቡሩ በዝግታ ነበር የሚሄደው። እንፋሎት ባቡር ግን በዝግታም ቢሄድ ክብደቱ ያው ነው። ወንድሜ ድንጋዩ ላይ ወድቆ ወደ ሐዲዱ ተንከባለለ፣ የተከተለው ፉርጎም ግራ እግሩ ላይ ወጣ።

ጋሽ ፉጨት የምንለው ሽማግሌው ባቡር ነጂ ጩኸቱን ሰምቶ አቆመ። ባለሉካንዳው ሊጨርሰው ዘሎ ወረደ፤ ከፊቱ ላይ ጨርቁን ሲገፍ ያገኘው ግን እናቱን ሲሳፈሩ ክንዳቸውን ይዞ ደረጃውን ያወጣቸውን ጠራጊ ነው። ወንድሜ «ጋሼ፣ እሳቸውን አልነካቸውም ነበር» አለው። ያ ግዙፍ ሰው ቀበቶውን ፈትቶ የወንድሜ ጭን ላይ ጥብቅ አድርጎ አሰረና ተሸክሞት ቁልቁል ወደ መኪና መንገዱ ሮጠ። ሐኪሙ እንደነገረን ያ ቀበቶ ባይኖር ወንድሜ እዚያው ያልቅ ነበር፤ እግሩ ግን ተቆረጠ። የድርጅትዎ ጥበቃዎች ዱላቸውን ይዘው የደረሱት ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

ሦስተኛ፤ ታማሚ ስለ ጠየቁልኝ አመሰግናለሁ። ሆስፒታል የመጡት ከፎቶ አንሺ ጋር ነበር። የወንድሜን አልጋ ተደግፈው ፎቶ ከተነሡ በኋላ ጎንበስ ብለው «አይዞህ፣ ሥራህ አይቋረጥም፤ እግር የሌለው ሽፍታ ለእንግዳ የበለጠ ያስፈራል» አሉት። በሰው ቁስል እንጨት መስደድ ሲባል እሰማ ነበር፤ ፈገግ እያሉ መስደድ እንደሚቻል ያሳዩኝ ግን እርስዎ ነዎት። ወንድሜ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። በማግሥቱ ለጋዜጠኞች «አንድ ሠራተኛ ሚናውን ከልክ በላይ በመጫወቱ ቀላል አደጋ ደርሷል» ብለው መግለጫ ሰጡ።

እርስዎ ሲሄዱ ባለሉካንዳው መጣ። በሩ ላይ ቆሞ መግባት አቃተው። አባርሬው ነበር፤ ክፉ ቃልም ተናግሬዋለሁ። ወንድሜ ግን «ይግባ። ለእናቱ ነው የተጣላው፤ እኔም ብሆን ለእህቴ እጣላ ነበር» አለኝ። ገብቶ አልጋው ሥር ቁጭ አለና ድምፅ ሳያሰማ አለቀሰ። እናቱ ከእንግዲህ በሰው ላይ እጁን እንዳያነሳ እንዳስማሉት የነገረን ያን ጊዜ ነው። ከሆስፒታል ከወጣ ጀምሮ ወንድሜን በጀርባው አዝሎ ወደ ሕክምና የሚያመላልሰው እሱ ነው። መጀመሪያ የሰፈሩ ሰው ያየውና ይተፋ ነበር፤ አሁን መንገድ ይለቅለታል።

ከዚህ በኋላ ያለውን ቁጥር አልሰጠውም፤ መቁጠር ደክሞኛል።

ትርዒቱን በአዲስ መልክ እንደሚጀምሩ ስንሰማ፣ ሁለቱ ተማክረው ተሳፋሪውን ለመለመን ወሰኑ። «አንማታም፣ አንሳደብም። የሆነውን ነግረን፣ ሽፍታው እስኪቀር ድረስ አትሳፈሩ እንላለን» አሉኝ። እርስዎ ደግሞ ካለፈው ተምረው ኖሮ በየፉርጎው በር ላይ «የሚያዩት ሁሉ ትርዒት ነው፤ ተረጋግተው ይዝናኑ» የሚል ማስታወቂያ አስለጥፈዋል።

ወንድሜ በክራንቹ ተደግፎ መሳፈሪያው ላይ ቆመና በዚያ በማያስፈራ ድምፁ «እኔ ሽፍታው ነኝ» ብሎ ጀመረ። ሰዉ ከበበው። ከጣቢያው መጋዘን በኩል ጥበቃዎችዎ መጡ። አንደኛው ክራንቹን በእርግጫ መታበት፤ ወንድሜ በአፉ ተደፋ። ዱላው ሲነሣ ባለሉካንዳው እላዩ ላይ ተኛበት። በዱላ፣ በከስክስ ጫማ ጀርባውን፣ ጭንቅላቱን፣ ፊቱን ወረዱበት። እነዚያ አንድ በሬ የሚጥሉ እጆች የወንድሜን ራስ ከልለው እንደ ተቆለፉ ቀሩ፤ አንዴም አልተሰነዘሩም። የጎድን አጥንቱ ሲሰበር እንደ ደረቅ እንጨት ጮኸ።

ተሳፋሪዎችዎ አጨበጨቡ።

ስልካቸውን አውጥተው ቀረጹ። አንድ ጎልማሳ ለሚስቱ «ደሙን አየሽው? ቁርጥ እውነተኛ!» ሲላት ሰማሁ። እኔ መሬት ላይ እየተንከባለልኩ «እውነት ነው! ሰው እየሞተ ነው! አስጥሉን!» ብዬ ብጮኽ፣ አንዲት እመቤት ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ «ጎበዝ ነሽ፣ እኔንም አስለቀስሽኝ» አለችኝ። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባላል፤ ዓይንን በማስታወቂያ መሸፈን እንደሚቻል ግን ከእርስዎ ተማርን። ተሳፋሪዎቹ ባልፈሩበት ጊዜ ሰው ሊሞት ነበር፤ በፈሩበት ጊዜም ሰው ሊሞት ነበር። እርስዎ ግን ከቢሮዎ መስኮት ሆነው ያዩ ነበር፤ አይቼዎታለሁ። ማስታወቂያው እዚያ አልተለጠፈም።

ዱላውን ያስቆመው ጋሽ ፉጨት ነው። ከባቡሩ ወርዶ፣ ፍሙን የሚዝቅበትን ረጅም አካፋ እንደ ጦር ይዞ ሰዉን ሰንጥቆ ገባ። ጫፉ ቀልቷል። ጥበቃዎቹ ወደ ኋላ አሉ። የወደቁትን አይቶ ወደ ባቡሩ ተመለሰና የምድጃውን እሳት እየዛቀ ሐዲዱ ላይ ደፋው፤ እንፋሎቱንም ለቀቀው። ጣቢያው በሙሉ በጭጋግ ተዋጠ፤ ጭብጨባው እንደገና ተነሣ። ጭጋጉ ሲገፈፍ ግን ከእኛ ጋር የመጡት አሮጊቷ የልጃቸውን ራስ ጭናቸው ላይ አድርገው ደጋግመው ስሙን ይጠሩ ነበር። አንዱ ማጨብጨቡን አቆመ። ከዚያ ሌላው። ወንድሜን ለማንሣት መጀመሪያ ጎንበስ ያለችው ያች ትከሻዬን የነካችው ሴት ናት።

ጋሽ ፉጨትን አባረዋል። እሳት ቆስቋሾቹ ተከትለውት ወጥተዋል፤ ሞተሩም ጥገና ክፍሉ ውስጥ ቀዝቅዞ ቆሟል። ነጂ ፈልገው ማስታወቂያ እንዳወጡ አይቻለሁ። እስካሁን ያመለከተ የለም።

ለእንፋሎት ባቡር የወደፊት ዕጣ ስላደረጉት ሁሉ፣ ውለታዎን የምትመልስበት አቅም ያጠራት፣ ነገር ግን የማትረሳ፣

ትሑት አገልጋይዎ፣
ከጣቢያው ፊት ለፊት ያለችው ልብስ ሰፊ።

ማስታወሻ፦ ባለሉካንዳው የድርጅቱን ስም ስላጠፋ በጽሑፍ ይቅርታ እንዲጠይቅ የላኩት ማስጠንቀቂያ ደርሶታል። የፊት ጥርሶቹ በጥበቃዎችዎ ጫማ ስለረገፉ ብዙ ቃላት አልወጡለት እያሉ ተቸግሯልና በቶሎ ባለመመለሱ አይቀየሙት። ትናንት ግን የፖሊስ መርማሪ አልጋው ድረስ መጥቶ «ማን ነው ያዘዘው?» ብሎ ሲጠይቀው፣ የክቡርነትዎን ስም ከነማዕረግዎ፣ አንዲት ፊደል ሳያዛንፍ አጥርቶ ጠርቶታል።