በአሸዋ የተጋገረ ዳቦ

እህት ዓለሜ፣

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ይድረስሽ። አንቺ፣ ባልሽ፣ ልጆቹ እንዴት ናችሁ? ብርዱስ እንዴት አደረጋችሁ? እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። ነፋሱ ድንኳኑን ቀዶት ነበር፣ ጠገንነው። የምጽፍልሽን በስልክ ያልነገርኩሽ እናታችን ከአጠገቤ ስለማትጠፋ ነው። ይህን ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

ልጄ ደዳህ ሆዱ ተነፍቶ፣ እግሩ እንደ እንጨት ቀጥኖ፣ ተቅማጡ አልቆም ብሎት ከርሟል። የስደተኞች ካምፑ ሐኪም ዶክተር ግላና፣ ስንዴ አንጀቱን እየጎዳው ሳይሆን አይቀርም አለችኝ። ምርመራው እስኪያልቅ ግን ዳቦውን እንዳላቋርጥበት አስጠነቀቀችኝ፤ ከተቋረጠ በሽታው አይታይም። እናታችን የሰማችው ይህችኑ ብቻ ነው። «ይኸው፣ ሐኪሟ ራሷ ዳቦ አብሉት አለች!» እያለች ሰፈሩን አዳረሰችው። እኔ አንጀቴ እያረረ አጎረስኩት።

ውጤቱ የተፈራው ሆነ። ሴሊያክ ይሉታል። መድኃኒት የለውም፤ ዕድሜ ልኩን ስንዴና ገብስ አይቀምስም፣ ድስቱና ማንኪያው ለብቻ፣ ከስንዴ የሚሠራውን ኩስኩስ ከጋራ ሳህን መብላትም ቀረ። በዘር ይወርዳልና እንዲህ ሆኖ የሞተ ሕፃን በቤታችሁ አለ ወይ ብላ ዶክተሯ ስትጠይቀኝ እናታችን አጠገቤ ተቀምጣለች። የለም አልኳት። ወንድማችን ሐማዲም ሆዱ እንዲሁ ተነፍቶ ነበር። የሰው ዓይን በልቶት ነው ተብሎ ተቀበረ።

ለእንዲህ ያለ በሽተኛ የሚታደለውን የበቆሎ ዱቄት ስጋግርለት ደዳህ ሥጋ ለበሰ፣ መሣቅም ጀመረ። ከዚያ ተቅማጡ ተመለሰ። ዱቄቱን ጠረጠርኩ፣ ድስቱን በአመድ ፈተግኩ፣ ከባሌም ተጣላሁ። ባለፈው ወር አንድ ዓርብ ውኃ ቀድቼ ስመለስ እናታችን ከፍየሎቹ በረት ጀርባ ተቀምጣ፣ በትኩስ አሸዋ ቀብራ የጋገረችውን የስንዴ ዳቦ በወተት እያራሰች ታጎርሰዋለች። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ እጇን መትቼ አስጣልኳት።

«በቆሎማ የፍየል ነው! ልጁን በረኃብ ልትጨርሺው ነው?» አለችኝ።

ትገድይዋለሽ አልኳት።

«እኔን ነው? ሁላችሁን በዚህ ዳቦ ነው ያሳደግኳችሁ! ዳቦ ማንን ገድሎ ያውቃል? እስቲ ስሙን ጥሪልኝ!»

እህቴ፣ ማንንም አልገደለም ማለት ነበረብኝ። አፌ አልታዘዝ አለኝ። ዓይን ዓይኔን አየችኝና ዳቦውን አንስታ ለፍየሎቹ ወረወረችው።

ከዚያ ወዲህ አልጋገረችም። የስንዴ ድርሻዋንም ለጎረቤት ሰጠች። ደዳህ አሁን ደህና ነው፣ በዚህ ደስ ይበልሽ። ትናንት ግን ሻይ እየቀዳች፣ ቀና ብላም ሳታየኝ፣ ሐማዲ በመጨረሻው ቀን ምን ነበር የበላው ብላ ጠየቀችኝ። ሕፃን ነበርኩ፣ አላስታውስም አልኳት። ትልቋ ታስታውሳለች አለች።

ትደውልልሻለች። አደራሽን፣ አንቺም አታስታውሺም።

ሳትውይ ሳታድሪ ተመርመሪ፣ ልጆቹንም አስመርምሪ። አላህ ከክፉ ይሰውራችሁ፣ ዓይናችሁን በሰላም ያሳየኝ።

ናፋቂሽ ታናሽ እህትሽ