ስለ ዶሮ መኖው ዱቄትና በሃምሳው ስለተጾመው ጾም

ቀን፦ ግንቦት 18 ቀን 2017 ዓ.ም

ለእንስሳት ሀብት ልማት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ሐይቅ

ጉዳዩ፦ ለሥጋ ዶሮ የሚሰጠው ኢንዛይም የተባለ ዱቄት ምንነት ተጣርቶ እንዲገለጽልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

እኔ አመልካች ወይዘሮ ረቢያ ኑርዬ የሐይቅ ከተማ ነዋሪ ስሆን በግቢዬ የሥጋ ዶሮ እያሳደግኩ እሸጣለሁ። ልጄ ሰሚሃ እኔ ዘንድ መጥታ ከወለደች ገና አርባዋ አልወጣም። ከዘንድሮዎቹ ዶሮዎች ለመታረሻዋ የሚሆኑትን ለይቼ አስቀምጬ ነበር።

1. ጫጩትና መኖ የሚያቀርብልኝ ድርጅት ባለሙያ አቶ ዝናው ከመኖው ጋር የሚቀላቀል ዱቄት አምጥተውልኛል። ኢንዛይም እንደሚባል፣ ዶሮዋ መፍጨት አቅቷት በኩሷ የምታወጣውን የእህልና የፉርሽካ ጉልበት ሆዷ ውስጥ እንደሚያብላላላት አስረድተውኛል። ሲያስረዱ ደስ ይላሉ። ነገር ግን ዱቄቱን በእኔው ጣሳ ገልብጠው ከረጢቱን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ጽሑፍ ያለበት ነገር ለምን ይደበቃል?

2. ዱቄቱ አልሠራም ብዬ አልዋሽም። መኖው በረከተ፣ ኩሳቸው ደረቀ፣ ደረታቸው ሞላ። እኔን ያስፈራኝም ይኸው ነው። የዶሮዋን ሆድ እንዲህ ያዘዘ ነገር ከሥጋዋ አልፎ ወደ እናት ጡት አይገባም ያለ ማነው?

3. ዱቄቱን የበላችውን ዶሮ እሳቸው ራሳቸው ይበሉ እንደሆነ ለማየት ስል አቶ ዝናውን ምሳ ጋበዝኳቸው። የክርስቲያን እንግዳ እንዴት እንደሚስተናገድ ስለማውቅ ጎረቤቴ አቶ አሻግሬ ዶሮዋን በደንባቸው አረዱልኝ፤ ወጡንም ባለቤታቸው ሠሩት። አቶ ዝናው ግን ወጡ ሲቀርብ ጾም ላይ ነኝ ብለው ሽሮ ጠየቁ። ክቡር ሆይ፣ ዕለቱ ከፋሲካ በኋላ ባለው ሃምሳ ቀን ውስጥ ነበር። በሃምሳው ረቡዕና ዓርብ እንኳ እንደማይጾም እኔ ሙስሊሟ አውቃለሁ፤ ከክርስቲያን ጎረቤት ጋር ነው ያደግነው። አቶ አሻግሬ ወጡን ጠርገው በልተዋል፤ እስካሁንም ደህና ናቸው። ሆኖም እሳቸው አራስ አይደሉም።

4. ከዚያ ወዲህ ልጄን ዶሮ ከልክዬ የአጃ ሾርባ ሳጠጣት ቆየሁ። ዶሮው ዓይኗ ሥር እየወፈረ ሾርባ መጠጣቱ መሯት ኖሮ፣ ትናንት ውጫሌ ደርሼ ስመለስ በባሏ በሐቢብ አንዷን አሳርዳ በልታ አገኘኋት። አልተቆጣኋትም፤ ፈራሁ እንጂ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔ ግን እየጠረጠርኩም ተቀደምኩ።

ስለዚህ ዱቄቱ ከምን እንደተሠራ፣ ከእንስሳ ከሆነም ለእኛ ሐላል መሆን አለመሆኑ፣ የምታጠባ እናትንም ይጎዳ እንደሆነ በባለሙያ ተጣርቶ በማኅተም እንዲገለጽልኝ፤ አቶ ዝናውም ከረጢቱን ይዘው ቀርበው በሃምሳው የጾሙት ምን ጾም እንደሆነ እንዲያስረዱ በትሕትና አመለክታለሁ። በከንቱ ጠርጥሬያቸው ከሆነ ሰው ፊት ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ።

መልሱ ቢዘገይ ዶሮዎቹ ይቆዩኛል፤ ሥጋት ግን አይቆይም። ይህን ስጽፍ የልጅ ልጄ ጠብቶ አጠገቤ ተኝቷል። ሰላማዊ እንቅልፍ ይመስላል። አላመንኩትም፤ በየመስመሩ ብዕሬን እያስቀመጥኩ ትንፋሹን አዳምጣለሁ።

መልስ ከሚጠብቅ ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ረቢያ ኑርዬ