ሰላጣ ይመስል ያጠጣሁት ክምር

ማክሰኞ፣ ኅዳር 12

የጠዋቱ ሂሳብ፦ ሁለት ባልዲ የጎመን ቅጠልና የካሮት ልጣጭ፣ አንድ ጆንያ ሰጋቱራ ገባ። ሽታው ቀንሷል። ሙቀት ገና የለም።

ይድረስ ለባለቤቴ። ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ፤ እኔ ደህና ነኝ።

«ችግኝ አፍልተን እንሽጥ» ስትለኝ «አትክልቴን አልተውም» ብዬህ፣ ተኳርፈን ወደዚያ ችግኝ ጣቢያ ከሄድክ ወዲህ አንተም አልጻፍክ፣ እኔም አልጻፍኩ። አሁንም የምጽፈው ለሥራ ነው። ጓሮ የጀመርከው የኮምፖስት ክምር ሊጣል ነበር።

እሁድ አከራያችን ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊውን አስከትለው መጡ።

«አንቺ ልጅ፣ ጓሮው ውስጥ ምን ሞቷል?»

ልብስ ሰፊው አፍንጫውን ይዞ፣ «እትዬ፣ ደንበኞቼ እኮ አለቁ! ትናንት አንዱ ወገቡን ለክቼው ቁመቱን ሳልለካ አመለጠኝ። ቁምጣ ልስፋለት?» አለ።

እሳቸው አልሳቁም። «እስከ ሐሙስ ካልተስተካከለ ጋሪ ጠርቼ አስጥለዋለሁ» ብለው ሄዱ።

ምክንያቱን ሳገኘው በራሴ ሳቅሁ። ጠዋት ጠዋት ገበያ ሳልወጣ፣ ሰላጣው እንዳይጠወልግ ውሃ ስረጭ ክምሩንም አብሬ ሳጠጣ ከርሜያለሁ። እጄ ለምዶ! ለኔ የደረቀ ነገር ሁሉ ኪሳራ ነው። ክምሩ ውሃ ጠጥቶ ጠጥቶ አየር አጣ። ስቆፍረው ከሥሩ ጭቃ፣ ሽታው የተበላሸ እንቁላል።

ትናንት ሥራ ፈትቼ ሙሉውን በመንሽ ገለበጥኩት። እርጥቡን በትኜ ፀሐይ አስመታሁት፣ ከዚያ አናጺው የሰጠኝን ሰጋቱራና ግቢውን ጠርጌ የሰበሰብኩትን ደረቅ ቅጠል እያፈራረቅሁ መልሼ ከመርኩት።

ከዚያ ወዲህ መቀመጥ አቃተኝ። ሽንኩርት እየመዘንኩ ልቤ ጓሮ ነው። ዛሬ ሁለት ጊዜ መደቤን ጥዬ ቤት ደርሼ ተመለስኩ። ቲማቲም ሻጯ፣ «ምን ሆነሻል? አራስ ቤት ትተሽ ነው የመጣሽው?» ብላ ገበያተኛውን አሳቀችብኝ። ሚዛኔን አደራ ብያት ሦስተኛ ተነሳሁ።

በሦስተኛው እጄን ሳስገባ ሞቋል! ከሥሩ ትኩስ ነው፤ መብላላት ጀምሯል ማለት ነው። ሮጬ አከራያችንን ጠራኋቸው።

«እትዬ፣ እጅዎን ያስገቡና ይዩት።»

«እኔ? እዚያ ውስጥ?» አሉና ነጠላቸውን ሰብስበው ጎንበስ አሉ። ሲያስገቡ ፊታቸው ተለወጠ። አሸተቱት፤ ዝናብ የነካው አፈር ነው የሚሸተው።

«በይ ይቆይ። ዳግመኛ ቢገማ ግን ከነመንሽሽ ነው የማስወጣሽ። ለመሆኑ ይሄን ሁሉ የምትለፊው ለማን ነው?»

«የእሱ ነው» አልኩ።

«ታዲያ ባለቤቱ መጥቶ አያየውም?»

እጃቸውን የሚታጠቡበት ውሃ አመጣሁላቸው።

አሁን መቼ መቼ እንደሚገለበጥ ጻፍልኝ። በደብዳቤ ከሚሆን ግን አይቶ የሚነግረኝ ሰው ይሻላል፤ ለክምሩ ብዬ ነው። በግድግዳው በኩል ያለውን ቦታም አጽድቼዋለሁ። ችግኝ ቢፈላበት ገዢ አላጣለትም፣ ከአትክልቴ ጎን ይቀመጣል።

ጤናህን ይስጥህ፤ መንገድህን ሁሉ ያቅናልህ።

የቤትህ ሰው

የነገ ሥራ፦ ከገበያ በፊት ቁልፍ ቀራጩ ጋ መሄድ። የቤቱን ቁልፍ አንድ ተጨማሪ ማስቀረጽ።