ዕጣቸው መርፌ የሆነው የወ/ሮ ገዲሴ ዳባ የሕይወት ታሪክ

ወ/ሮ ገዲሴ ዳባ ከአባታቸው ከአቶ ዳባ ኤጄታ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ሞልቱ ኦብሳ የካቲት 5 ቀን 1962 ዓ.ም. በቱሉ ቦሎ ከተማ አቅራቢያ ተወለዱ። በሰባት ዓመታቸው ታላቅ ወንድማቸው አቶ ወጋየሁ ዳባ መካኒሳ አቦ ይኖሩ ወደነበሩት አጎታቸው ቤት ይዘዋቸው መጡ። ከዚያ በኋላ ዕድሜያቸውን በሙሉ ከዚህ አካባቢ አልራቁም።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በአካባቢያቸው ተከታትለው በ1980 ዓ.ም. 12ኛ ክፍልን አጠናቀቁ። የስልክ ኦፕሬተርነት ሥልጠና ወስደውም በ1983 ዓ.ም. በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሥራ ጀመሩ። ሥራቸውን ይወዱት ነበር። ደዋዩ ሰላምታውን ሳይጨርስ በድምፁ ለይተው በስሙ ይጠሩት እንደነበር ባልደረቦቻቸው ያስታውሳሉ። የሚቆጡም ሰው ነበሩ። ስልክ ላይ የሚጮህባቸውን ሰው፣ አለቃም ቢሆን፣ "ድምፅዎን ዝቅ አድርገው ይደውሉ" ብለው ይዘጉበት ነበር።

በግንቦት ወር 1987 ዓ.ም. ከመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያው ከአቶ ደምሰው ተካ ጋር በብስራተ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ሥርዓተ ተክሊል ፈጽመው ትዳር መሠረቱ። ወ/ሪት ጸደንያ ደምሰውን እና አቶ ሚሳኤል ደምሰውንም ወለዱ።

በ2003 ዓ.ም. ወንድማቸው አቶ ወጋየሁ መድኃኒት በተላመደ ቲቢ ታመሙ። ይህ በተለመደው መድኃኒት የማይድን የሳንባ ነቀርሳ ነው። በወቅቱ የነበረው ሕክምና ለብዙ ወራት በየቀኑ የሚወጋ መርፌ ነበረው። አቶ ወጋየሁ ከበሽታው ዳኑ፤ መርፌው ግን የመስማት ችሎታቸውን ወሰደባቸው። በለቡ መስመር የሚያሽከረክሩትን ሚኒባስ ለማስረከብ ተገደዱ። ወ/ሮ ገዲሴ ወንድማቸውን ያስታመሙት ራሳቸው ስለነበሩ መርፌው ምን እንደሚያደርግ ከማንም ይልቅ ያውቁ ነበር።

በ2010 ዓ.ም. ያው በሽታ በእርሳቸው ላይ ተገኘ። በሚታከሙበት ሆስፒታል በዚያን ጊዜ ጥናት ይካሄድ ነበር። ጥናቱ መርፌውን ሙሉ በሙሉ አስቀርቶ በሚዋጥ ክኒን ብቻ በሽታውን ማዳን ይቻል እንደሆነ የሚፈትሽ ነበር። ሐኪሙ ዶ/ር ፊሊጶስ ቤተሰቡን ሰብስበው አስረዱ። ፈቃደኛ ከሆኑት ታማሚዎች ገሚሱ ክኒኑን ብቻ፣ ገሚሱ መርፌ ያለበትን ሕክምና ይወስዳሉ። ማን የትኛውን እንደሚወስድ ሐኪሙም ታማሚውም አይመርጡም፤ በዕጣ ነው።

አቶ ወጋየሁ የሚባለውን ከከንፈር እያነበቡ፣ ያመለጣቸውን አቶ ደምሰው እየደገሙላቸው ተከታተሉ። በመጨረሻም፣ "ዕጣው መርፌው ቢሆንስ?" ብለው እህታቸውን ጠየቁ።

"ጋሼ፣ ከጥናቱ ውጭ ከሆንኩ መርፌው የግድ ነው። ከገባሁ ግን ክኒኑ ሊደርሰኝ ይችላል" አሉ ወ/ሮ ገዲሴ።

የደረሳቸው መርፌው ነበር።

በማንኛውም ጊዜ ከጥናቱ መውጣት እንደሚችሉና ሕክምናቸው እንደማይቋረጥ ተነግሯቸዋል። ባለቤታቸውም እንዲወጡ ለምነዋቸው ነበር። እርሳቸው ግን፣ "መርፌ የደረሰው ሁሉ ከወጣ ክኒኑን ከምን ጋር ያመዛዝኑታል? ደግሞስ ብወጣስ የሚወጋኝ ያው መርፌ አይደል?" ብለው ቀጠሉ።

ጆሯቸው በየጊዜው ይመረመር ነበር። መጀመሪያ የጠፋው ቀጭን ድምፅ ነው። ቤት ውስጥ የበር ደወል ሲደወል ልጆቻቸው ሲነሡ እያዩ "ማን መጣ?" ማለት ጀመሩ። ቀጥሎ በተደረገው ምርመራ ጉዳቱ ጎልቶ በመታየቱ መርፌው ወዲያው ቆሞ በሌላ መድኃኒት ተተካ። ቀኝ ጆሯቸው ግን ጨርሶ ደንቁሮ፣ በግራው የቀረው ጥቂት ነበር። ዶ/ር ፊሊጶስ ውጤቱን ነግረዋቸው ሲጨርሱ እናቷ ያሏቸውን ወ/ሪት ጸደንያ ታስታውሳለች።

"ዶክተር፣ ይኼ ይጻፍ። በሌላ ታማሚ ላይ የደረሰውን ስትጽፉ የእኔም እንዳይቀር።"

ይህን ሲሉ አልከፋቸውም ነበር ለማለት አይደለም። ከስልክ ክፍሉ ወደ መዝገብ ቤት በተዛወሩ ዕለት ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው አልቅሰዋል። ቅዳሴውን መከተል ስላቃታቸው ለሁለት ወር ያህል ቤተ ክርስቲያን መሄድ አቁመው ነበር። "ፈጣሪ እኔን ምን አድርጊ ነው የሚለኝ?" እያሉ ከቤት የማይወጡባቸው ቀናትም ነበሩ። ከዚያ ያወጧቸው አቶ ወጋየሁ ናቸው። በየቅዳሜው እየመጡ ከእህታቸው ፊት ለፊት ይቀመጡና ከንፈር ማንበብን ያስተምሯቸው ነበር። ሁለቱ በድምፅ አልባ ንግግር ሲሳሳቁ ያየ ጎረቤት ሁሉ ምን እንደሚያስቃቸው ለማወቅ ይጓጓ ነበር።

ወ/ሮ ገዲሴ ከበሽታው ፈጽመው ዳኑ። ከዳኑም በኋላ ክትትሉ እስኪያበቃ ድረስ፣ በሁለት ታክሲ እየተመላለሱ፣ ለምርመራ መቅረብ ከነበረባቸው ቀናት አንድም ቀን አልቀሩም። "ድኛለሁ ብሎ የሚቀር ሰው ሐኪሙን ጨለማ ውስጥ ይተወዋል" ይሉ ነበር።

በ2015 ዓ.ም. በጥናቱ የተሳተፉ ሰዎች ውጤቱን እንዲሰሙ ወደ ሆስፒታሉ አዳራሽ ተጠሩ። ከብዙ አገሮች የተውጣጡ ታማሚዎች ውጤት ተደምሮ፣ ክኒኑን ብቻ የወሰዱት ከመርፌው ተጠቃሚዎች በተሻለ ሁኔታ መዳናቸው፣ ጆሯቸውም እጅግ ባነሰ ሁኔታ መጎዳቱ ተገለጸ። አዳራሹ አጨበጨበ። ወ/ሮ ገዲሴ ግን ከንግግሩ ግማሹ አምልጧቸው ነበርና እጃቸውን አውጥተው፣ "አልሰማሁም፤ ይድገሙልኝ" አሉ።

ዶ/ር ፊሊጶስ ማይክሮፎኑን አስቀምጠው ከመድረክ ወረዱ። በወ/ሮ ገዲሴ ግራ በኩል ተንበርክከውም ሁሉንም ከመጀመሪያው ደገሙላቸው። ወ/ሮ ገዲሴ እስከ መጨረሻው ሰምተው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፦ "እንግዲህ መርፌው ቀረ?"

"ቀርቷል፣ እማማ" አሏቸው።

በአንዲት የመካኒሳ እናት ጆሮ ላይ የደረሰው ነገር፣ በማያውቋቸው አገሮች ያሉ፣ በማያውቁት ቋንቋ የሚያመሰግኑ ሰዎች ሊድኑበት ለሚችሉት ሕክምና ማስረጃ ሆኗል።

ቤተሰቡ ወደ አጎራባቹ ለቡ ከተዛወረ በኋላ፣ በ2016 ዓ.ም. የጎረቤታቸው ልጅ ወ/ሪት እድላዊት በዚያው በሽታ ታመመች። ሰው ሁሉ በሩቁ ሲሆን ወ/ሮ ገዲሴ አፍና አፍንጫቸውን በማስክ ሸፍነው፣ መስኮቱን በሰፊው ከፍተው አጠገቧ ይቀመጡ ነበር። ሕክምናዋን የተከታተለችው በአቅራቢያዋ ባለው ጤና ጣቢያ ሲሆን የምትወስደውም ክኒን ብቻ ነበር። አንድ ቀን ክኒኖቹን በመዳፏ ይዛ፣ "እማማ ገዲሴ፣ እርስዎም የዳኑት በዚሁ ነው?" ብላ ጠየቀቻቸው።

ከንፈሯን አንብበው ፈገግ አሉ።

"አይደለም ልጄ። የኔ ሌላ ነበር። በይ ዋጪው።"

ስለ ዕጣው ነገር ለእድላዊት ያጫወቷት ሕክምናዋን ጨርሳ ወደ ሥራዋ ከተመለሰች በኋላ ነው። እርሷም እግራቸው ላይ ወድቃ አለቀሰች። እርሳቸው ደግሞ ጎትተው እያነሷት፣ "ተነሺ እንጂ፤ እኔ እኮ ዕጣ ነው ያወጣሁት" አሏት።

ወ/ሮ ገዲሴ ካለፈው ዓመት ጀምሮ በልብ ድካም ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተዋል። ሆኖም ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ55 ዓመታቸው፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ባሉበት ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል። ሥርዓተ ቀብራቸውም ወዳጅ ዘመዶቻቸው በተገኙበት በመካኒሳ አቦ ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል።

ከአቶ ደምሰው ተካ ጋር ሠላሳ ዓመት በዘለቀ ትዳራቸው ሁለት ልጆችና አንድ የልጅ ልጅ አፍርተዋል። ታላቅ ወንድማቸው አቶ ወጋየሁ ዳባም በሕይወት አሉ፤ ይህ ጽሑፍ ሲነበብ አቶ ሚሳኤል ከፊታቸው ቆሞ ቃል በቃል ይነግራቸዋል።

በሕመማቸው ወቅት ያልተለያችሁን፣ ከሩቅም ከቅርብም መጥታችሁ ያጽናናችሁን ሁሉ ፈጣሪ ብድራችሁን ይክፈልልን።

የምሕረት አምላክ የእናታችንን ነፍስ በቅዱሳኑ ማረፊያ ያኑርልን። የእናታችንን ስም ሳያውቁ ጤናቸውን ለሚያገኙት ሁሉ ዕድሜ ይስጥልን። አሜን።